ድንኳን ውስጥ የቆጠሩ ጣቶቼ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። እስካሁን ሰው ባጨበጨበልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «አታካብድ ባክህ» ብለውኛል። እኔ ግን የማካብድ አይመስለኝም። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ኮሪዮግራፈር ነኝ። እናቴ «ጭፈራ አስተማሪ» ትለኛለች፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ከዚያ የባሰ ስም አላቸው፣ እሱን እንለፈው። ተወልጄ ያደግኩት ቂርቆስ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት የተለማመድነው ግን ካዛንቺስ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ነው። ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ በጭንቅላት ለመሽከርከር ይመቻል። ጥበቃው ዱላውን ይዞ ያባርረናል፣ ዞር ሲል ተመልሰን እንመጣለን። እንዲህ እየተባረርን ቡድን ሆንን። በመጨረሻ እዚያው ካዛንቺስ ያለ አንድ አዳራሽ የመንገድ ዳንሳችንን መድረክ ላይ እንድናቀርብ ፈቀደልን። ዱርዬ ሲሉን የኖሩ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያዩን ነው! ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አስቤው አላውቅም።

አሠራሬ ቀላል ነው፤ ከመንገድ እለቅማለሁ። የታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ኡራኤል፣ ኡራኤል!» ሲል ትከሻው እንዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሳ አያለሁ። አንድ እንቅስቃሴ ዓይኔን ከያዘው፣ የትም ልሁን የት፣ ጣቶቼ በራሳቸው መቁጠር ይጀምራሉ። አውራ ጣቴ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ ከአንድ እስከ ስምንት ይሄዳል፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ ይነሳል። ዳንሰኛ የሚቆጥረው እስከ ስምንት ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥም እቆጥራለሁ፣ ቅዳሴ ላይም እቆጥራለሁ። አመል ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ? እኔንም ያወጣኝ እሱ ነው።

እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ። ቢኒያም የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ለእናቱ። ቢኒ ስለማመድ ባየኝ ቁጥር «ሱሪህ ሳይቀደድ ቤትህ ግባ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ለሥራ ወደ አዳማ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠና ሞተ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ለወግ ያህል አይደለም የሄድኩት፤ ቢኒን እወደው ነበር።

ወንዶቹ መሐል አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሐል ላይ ቆሙ። እጃቸውን ጉልበታቸው ድረስ ዝቅ አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የሕፃን ራስ የሚዳብሱ ነው የሚመስለው።

«ይህችን ታክል ነበርክ!» አሉ።

እጃቸው ወገባቸው ጋ ደረሰና ቆመ። «ይህችን አከልክልኝ!» ትከሻቸው ጋ ደረሰ፣ እዚያም ቆመ። ከዚያ ከራሳቸው በላይ ወጣ፤ ቢኒ ረጅም ነበር። እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ ያው እጅ ደረታቸው ላይ ወረደ። ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ።

እኔም አለቀስኩ። እግዜር ያውቃል፣ እንባዬ የውሸት አልነበረም። ግን ጭኔ ላይ ያለውን እጄን ዝቅ ብዬ ሳየው ይቆጥራል! ጉልበት ላይ አንድ ሁለት፣ ወገብ ላይ ሦስት አራት። በራሴ አፈርኩና እጄን ኪሴ ከተትኩት። ኪሴ ውስጥም አላቆመም።

የቢኒ አርባ ሳይወጣ ያ እንቅስቃሴ ዳንሳችን ውስጥ ገባ።

ከመንገድ ዳንሶች አንዱ ፖፒንግ ይባላል፤ ሰውነት ድንገት ይገታል፣ ይለቀቃል፣ መልሶ ይገታል። በቡድናችን ለዚህ ነገር ከሄራን የሚበልጥ የለም። ሄራን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ቀጭን ልጅ ናት፣ ሳቂታ። እጇ ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ እያለ እየተገታ ሲወጣ ልብ ቀጥ ያደርጋል።

«አቤላ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ከጭንቅላቴ ነዋ!»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ አልኳት። ልጅቷም «ይመችህ!» ብላ አመነችኝ።

የመድረኩን ልብስ ማን ይስፋው ሲባል እናቴ «ለዘነበች ስጣት፤ ሥራ ብትይዝ ሐዘኑ ቀለል ይልላታል» አለች። እትዬ ዘነበች ቢኒ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ጨርቅ አልብሰው ትተውት ነበር። ለእኛ ሲሉ ገለጡት። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ለኩ። ሄራንን «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ቁርስ አትበይም?» ይሏታል። ቤታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ተሰማበት። እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ ብቻ እዚያ ቤት ስገባ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ልብሱን ልቀበል የሄድኩ ዕለት «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«የሰፋሁትን ለብሳችሁ ስትጨፍሩ ሳላይ ልቀር ነው እንዴ? ሐዘንተኛ ጭፈራ ሄደች ይበሉኝ፤ ልጆቼን ነው የማየው። አንተ ካልወሰድከኝ ማን ይወስደኛል?»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እስከ ቅዳሜ ጊዜ ነበረኝ። ያቺን ክፍል ማውጣት እችል ነበር። በቃ እውነቱን ልናገር፤ ከዳንሱ ሁሉ የምታምረው እሷ ስለሆነች ሳሳሁላት። «አይለዩትም» አልኩ ለራሴ። «መብራት አለ፣ ሙዚቃ አለ። ደግሞ ሰው የራሱን እጅ መች አይቶ ያውቃል?» ጅል! ሰውን ማታለል አነሰኝና ራሴንም አታለልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሲያባርረን የኖረው ጥበቃ ሳይቀር ኮቱን ለብሶ መጥቷል። እትዬ ዘነበች ጥቁራቸውን እንደለበሱ ከእናቴ ጎን ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ መድረኩን ትቼ እሳቸውን አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። አንዱ ልጅ በጭንቅላቱ ሲሽከረከር «በስመ አብ! አንገቱ!» ብለው እናቴን ክንዷን ጨመደዷት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ሄራን ብቻዋን ወጣች። እጇን ጉልበቷ ድረስ ዝቅ አድርጋ መዳፏን ዘረጋች።

የእትዬ ዘነበች ፈገግታ እዚያው ደረቀ። የሄራን እጅ ወገቧ ጋ ደረሰ፣ ተገታ። ትከሻዋ ጋ ደረሰ፣ ተገታ። ሕዝቡ ማፏጨት ጀመረ። «ኧረ ልጅቷ! ነፍስ ነሽ!» ይላል አንዱ ከኋላ። እጇ ከራሷ በላይ ወጥቶ ሲቆም አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ደረቷ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለዋል፤ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ አርፏል።

ለይተውታል።

ትርዒቱ ሲያልቅ ሰው ከኋላ ገብቶ ይስመኛል፣ ያቅፈኛል፣ አብሮኝ ፎቶ ይነሳል። ለዓመታት የጠበቅኩት ቀን ነበር፤ አንዱም አልጣመኝም። እትዬ ዘነበች እናቴን ተደግፈው መጡ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ቀጥ ብለው ሄራን ጋ ሄዱ።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» አሏት።

ሄራን ግራ ገባት። «ማንም አልሞተብኝም እትዬ። ዳንስ እኮ ነው።»

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«አባት? ወንድም?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ወዮልኝ!» አሉና እጇን አፈፍ አደረጉ። «ሟች ሳይኖር ደረት ይመታል እንዴ? ሟርት ነው እኮ! ሞትን ቤትሽ ድረስ ልትጠሪው ነው?»

እኔ ለራሳቸው የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የፈሩት ለእሷ ነው። ሄራን ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ምንም አታውቅም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

እትዬ ዘነበች ቀስ በቀስ ተረጋጉ። ራሳቸው የሰፉትን የሄራንን አንገትጌ አስተካከሉላት።

«ለባዶ አትምቺ» አሏት። «የኔ ልጅ ቢኒያም ይባላል። እጅሽን ስታነሺ ቢኒያም በይ፤ በሆድሽም ቢሆን። ያኔ ለቅሶው ባለቤት ይኖረዋል። ወዳንቺም አይመጣም።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ሄራን። አቀፏትና አብረው አለቀሱ።

ወደ ቤት የተመለስነው በኮንትራት ታክሲ ነው። እናቴ ከፊት፣ እኔና እትዬ ዘነበች ከኋላ። ገና ከካዛንቺስ ሳንወጣ መንገዱ ተዘጋጋ። እዚያው እንደቆምን ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ድንኳኑ ውስጥ።»

«አውቄያለሁ። የገዛ እጄን አላውቀውም?»

መኪናው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ወደ መስኮቱ እያዩ ቀጠሉ።

«የዚያን ቀን አይቼህ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ሲጮህ አንተ አንገትህን ደፍተህ በጣትህ አንጓ ትቆጥራለህ። ለቢኒዬ እግዚኦታ የምታደርስለት መሰለኝ። ልጄ ቢያንስ አንድ የሚጸልይለት ጓደኛ አለው ብዬ ተጽናናሁ። ሌላ ያጽናናኝ ነገር አልነበረም። ለእናትህም ነግሬያታለሁ፤ ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሽ ብዬ መርቄሃለሁ።»

እናቴ ከፊት ሆና ሁሉን ትሰማለች። ወደ እኔ አልዞረችም። ምናለ ቢሰድቡኝ! ምናለ በጥፊ ቢሉኝ! ከዚያ ሁሉ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተው በቃ። የመረቅኩህን አልመልሰውም፤ ምርቃት አይመለስም። አንተም ያኔ ያላደረስክለትን አሁን አድርስለት።»

ያቺን ክፍል ላወጣት ፈልጌ ነበር። እሳቸው ናቸው «ተዋት፣ የልጄ ስም ይጠራ» ያሉኝ። አሁንም እናቀርባታለን። ሄራን እጇን ስታነሳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከጥግ ሆኜ አያለሁ። ሕዝቡ ግን ምንም አያውቅም፤ እንደ ልማዱ ያፏጫል።

እኔም ከመጋረጃው ጀርባ የታዘዝኩትን ልፈጽም እሞክራለሁ። እግዚኦታው አሥራ ሁለት ነው፣ በአራቱ ጣት አንጓ ልክ። ቢኒን አስቤ እጀምራለሁ። እግዚኦ፣ እግዚኦ እያልኩ እሄድና ስምንት ላይ ስደርስ አውራ ጣቴ በራሱ ተመልሶ አንድ ላይ ያርፋል። እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ስምንት ላይ ይመለስብኛል። እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ታደርስለታለህ አይደል?» ይሉኛል። «አዎ እትዬ» እላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አሥራ ሁለቱን ሞልቼለት አላውቅም።