ዘርፍ ያጣው ነጠላ

እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ከፍተን ልብሷን ስናናፍስ የክት ነጠላዋ እጄ ገባ። ብል እንዳይበላው የጨመረችበት የአሪቲ ሽታ ገና አለቀቀውም። በአንደኛው ጫፍ ዘርፉ እንደተቋጨ አለ፤ ሌላኛው ጫፍ ግን ጥርሱን እንዳወለቀ ልጅ ድድ ገላጣ ነው። ታናሽ እህቴ "አይጥ በልቶታል" ብላ ለወለል መወልወያ ልታደርገው ስትል ነጠቅኳት። "አይጥ አይደለም፤ የጫሞ አዞ ነው የጨረሰው" ስላት ከልቧ ሳቀችብኝ። አይፈረድባትም፣ ያኔ አልተወለደችም።

ልጅ እያለሁ፣ በሰማንያዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ቤታችን ሲቀላ ገበያ ጀርባ ነበር። አባቴ አሳ አጥማጅ ነው። ወፍ ሲንጫጫ በታንኳ ጫሞ ሐይቅ ላይ ይወጣል፣ ረፋዱ ላይ ይመለሳል። እኔ የወደቀ ማንጎ እየለቀምኩ በር በሩን አያለሁ። ሲገባ ወገቡ ላይ እጠመጠምበታለሁ፤ ጭቃ ጭቃ፣ አሳ አሳ ይሸታል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝ ይሆናል፤ ለኔ ግን ያ ሽታ አባቴ ዛሬም በሰላም ገባ ማለት ነበር።

እናቴ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት። እንዝርት ከእጇ አይጠፋም። ሰርግ ተጠርታ እንኳ የሙሽራዋን ቀሚስ ዳሰስ አድርጋ "ድሩ ሳስቷል" የምትል ሴት ነበረች። ለአባቴ ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጽፋለታለች፤ በቀይ ቆዳ የተሰፋ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። ትእዛዙ ግን ከባድ ነው፦ ተከፍቶ አይታይ፣ ውሃ አይንካው። ስለዚህ አባቴ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ክታቡን አውልቆ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፣ ሲመለስ ያጠልቀዋል። ከሙዝ ነጋዴ ምላስ በቀር ምንም በማይነክስበት ገበያ መሀል ክታቡን አድርጎ ይንጎራደዳል፤ አዞ ያለበት ውሃ ላይ ሲወጣ ክታቡ ምስማር ላይ ነው። ይህ ነገር ከኔ በቀር ማንንም አያስጨንቅም ነበር።

አንድ ክረምት የአባቴ የታንኳ ጓደኛ መረብ ሊስብ እጁን ውሃ ውስጥ እንደሰደደ አዞ ይዞት ሄደ። አባቴ ከለቅሶው ሲነሳ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ሌላ መተዳደሪያ ስለሌለን ተመልሶ ሐይቁ ላይ ወጣ። እሱ በወጣ ቁጥር ዓይኔ ያቺ ምስማር ላይ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንኳ የማስበው የአባቴን እጅ ነበር። "እማዬ፣ አዞው አባዬንስ?" ስላት አፌን በመዳፏ ትከድነዋለች። "ዝም በይ! የፈሩት ይደርሳል።"

ከአጥራችን ማዶ ከስሪላንካ የመጣ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ስሙ ስለረዘመብን ሰፈሩ በሙሉ "ሚስተር" ይለዋል። አሳ የሚገዛው ከአባቴ ነው፤ በርበሬ ነስንሶ ሲሠራው ከአጥር ወዲህ ሁላችንንም ያስነጥሰናል። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ነጭ ክር አይጠፋም። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ከሀገሩ ሲወጣ እናቱ የሰጠችው መሆኑን፣ የቡድሃ መነኮሳት ይዘውት እንደጸለዩበት፣ በራሱ አልቆ እስኪወድቅም እንደማይፈታ ነገረኝ። ቡድሃ የሚሉት መምህራቸው ብርሃን ያየው ከትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው አለኝ። ይህንን ለአባቴ ስነግረው "እንደኛ ሽማግሌዎች ነዋ፣ ዋርካ ሥር!" ብሎ ሰውየውን ወደደው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሚስተር ሲታጠብ ክሩን አያወልቅም። ውሃ አይፈራም!

በማግስቱ አጥሩን ዞሬ በሩን አንኳኳሁና ለአባቴም እንዲህ ያለ ክር እንዲሰጠኝ ለመንኩት። "ክር አዞ አያባርርም" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። "አዞ አያውቅም። አባትሽ ያውቃል።" ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከቆርቆሮ ሣጥን እናቱ ከሰጠችው የተረፈውን ክር አውጥቶ አንዱን ጫፍ አስያዘኝ፤ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በቋንቋው አነበነበ።

አባቴ ሳይወጣ ማልጄ ተነስቼ አሰርኩለት። እናቴ አየችው።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው? ማተብህ አይበቃህም?"

"ማተቤ የእግዜር ነው" አለ አባቴ። "ይሄ የልጄ ነው። እሷ ያሰረችውን እኔ አልፈታም።"

እናቴ ልማድ ሆኖባት ክሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። "ደግሞስ ይሄ ፈትል ነው? የማሽን ክር! የትም አይደርስ።"

ከሰነበተ በኋላ አባቴ ጓሮ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አጫወተኝ። "መረቡ ሲያዝብኝ እጄ ሳላስበው ወደ ውሃው ይሄዳል። ነጩን ክር ሳይ አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ። እጄን እመልስና በቆልማማ እንጨት እስባለሁ" አለኝ። እኔ ክሩ በመሥራቱ ኮራሁ። እናቴ ከወዲያ ሆና ሰምታለች፤ እንዝርቷ ቆመ።

ክሩ ጠቆረ፣ ሳሳ፣ አንድ ቀን አባቴ ባዶ አንጓውን ገባ። እኔ አለቀስኩ። የገረመኝ ግን እናቴ ናት። መረቡን ጓሮ ዘርግታ ቀዳዳ በቀዳዳ ፈተሸችው፣ የአሳውን ቅርጫት ገለበጠች፣ እያጎነበሰች እስከ መንገዱ ሄደች። ክሩ የለም። ሚስተር ደግሞ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገብቷል።

በማግስቱ አባቴ ክታቡን ሰቅሎ ሊወጣ ሲል "ቆይ" አለችው። ሳጥኗን ከፍታ አባቷ የሸመነላትን፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰውን ነጠላ አወጣች። ከዘርፉ አንድ ክር መዘዘች። ያቺ የነጠላዋ ጫፍ ሲነካ የምትቆጣ ሴት! በምራቋ አርጥባ ጭኗ ላይ አከረረችውና ለኔ ሰጠችኝ።

"አንቺ እሰሪለት። የሚያየው ያንቺን እጅ ነው።" ቀጠለችና፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት፣ "ይሄኛው የእጅ ፈትል ነው" አለች።

አንዱ ሲያልቅ ሌላ ትመዛለች፣ እኔ አስራለሁ። ዘርፉ ያለቀው እንዲህ ነው።

ዛሬ ሲቀላ የባጃጁ መስታወት ሁሉ መቁጠሪያና ባለ ቀለም ክር ተንጠልጥሎበታል። ወጣቶቹም አንጓቸው ላይ ያስራሉ፣ ያምርባቸዋል። ማን አሰረልህ ስላቸው ግን "ገዛሁት" ይሉኛል። በሐዘን እቀናለሁ፣ በነሱ ሳይሆን በዚያ በኛ ጊዜ።

አባቴ ሐይቁን ከተወ ቆይቷል። ማንጎው ሥር ይቀመጣል፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ሁለቱም አሉ። ነጠላውን ይዤለት ስወጣ ገላጣውን ጫፍ በጣቱ ሲዳስስ ቆየ። ከዚያ ዘርፍ ወዳለው ጫፍ አዞረና አንዲት ክር እንደምንም መዘዘ።

"እጅሽን አምጪ" አለኝ። "ነገ መንገደኛ ነሽ።"

በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ማሰሩ ብዙ ፈጀበት። አላገዝኩትም። በራሱ አልቆ እስኪወድቅ አልፈታውም፤ የወደቀ ቀን ማን መዝዞ እንደሚያስርልኝ ግን እንጃ።