አሶሳ ያደረስኩት ጠረጴዛ

ሰኞ ማለዳ፣ መንዲ

ወፍ ሲንጫጫ ተነሳን። በቅሎዋን የሚነዳው ኦቦ ገመቹ ነው። ጀርባዋ ላይ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የተጋደመው ደግሞ በእጄ የሠራሁት የዋንዛ ጠረጴዛ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» ይላል ገመቹ። «በር እንዳልለው እግር አለው፣ አልጋ እንዳልለው ጠፍር የለው።»

ያዘዙኝ የአሶሳው ነጋዴ ሸህ ኢድሪስ ናቸው። የንጉሡ ጦር ወደ አገራቸው ሲገባ እሳቸው ገበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሐሚድ ግን እምቢ ብሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን እናታቸው በጠና ታመዋል። ሁለቱ ልጆቻቸው ከአንድ ሳህን ሲበሉ ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። በእነሱ ዘንድ የተጣላ ሰው ታረቀ የሚባለው እጁ ከባላጋራው እጅ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ሲገባ ነው። ሐሚድም ለአንድ ቀን እመጣለሁ ብሏል። ሸሁ ካርቱም አንድ ሹም ቤት ያዩትን የምግብ ጠረጴዛ አስበው፣ ወንድሜን በክብር ልቀበል ብለው፣ «ሰፊ አድርገው፣ በጣም ሰፊ!» አሉኝ። አሰፋሁት።

ረቡዕ፣ ዳቡስ

ወንዙ ሞልቷል። ጠረጴዛውን ገልብጠን ገመቹ ለገበያ የያዘውን ጨውና አቡጀዲ ጫንበት፤ ዋናተኞች እየገፉ አሻገሩት። ገመቹ የበቅሎዋን ጭራ ይዞ፣ ውሃ እየጠጣ ተሻገረ። «ከኔ ይልቅ እንጨቱ ተከበረ» ብሎ እስከ ማታ አኮረፈኝ።

ሐሙስ፣ ባምባሲ

ያሳደሩን አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ጠዋት ስወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ማሽላ አስጥተዋል።

«መሬቱ እርጥብ ነው ልጄ» አሉኝ። «ይሄን ለኔ ተውልኝ፣ ለሸሁ ሌላ ሥራላቸው።»

ምነው በሰማኋቸው! ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዘን እኔና ገመቹ ከሥሩ ገብተን ቆሎ በላን። እንደዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ አሶሳ

ሸህ ኢድሪስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ወላሂ ኡስታ፣ ትልቅ ሥራ ሠራህ!» አሉኝ። ባለ እጅ ሁሉ እዚህ «ኡስታ» ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐሚድ መጣ። እቤት ገብቶ የእናቱን እጅ ሳመና ወደ ግቢው ወጣ። ወንድማማቾቹ ጠረጴዛውን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር መሃል ላይ ቀረበ። ሐሚድ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ሸሁም ዘረጉ፤ አልደረሱም። ከመቀመጫ ተነስቶ መብላት ነውር ነው። ሸሁ ላብ አጠመቃቸው። የቤቱ ሴቶች ሮጠው ገንፎውን በሁለት ሳህን ከፍለው ለየፊታቸው አደረጉላቸው።

ሐሚድ ሳህኑን አይቶ በቋንቋቸው ተናገረ። ቋንቋቸውን የሚሰማው ገመቹ በጆሮዬ ነገረኝ፦ «የወንድሜን ቤት ብዬ መጣሁ፤ ይሄ የሹም ቤት ነው፤ ይለዋል።»

ገንፎውን ወደ አንድ ሳህን መልሶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ሁላችንም አሰብነው፣ ማንም አልተናገረም። ሸሁን ኩራታቸው፣ እኔን ሥራዬ ያዘን። ሐሚድ ለወጉ አንድ ጊዜ ጎረሰና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ድንበሩ ሄደ።

እሑድ፣ አሶሳ

ልንመለስ በቅሎዋን ስንጭን ሸሁ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ኡስታ፣ ቁረጠው። ጠባብ ይሁን።»

«ሐሚድ እኮ ሄዷል፣ ሸህ።»

«አውቃለሁ። አንተ ቁረጠው።»

ያን የመሰለ ዋንዛ በመጋዝ ከፈልኩት፤ እግሮቹንም መልሼ ገጠምኩለት። ስጨርስ ገንፎ አስመጡና «ተቀመጥ፣ እንየው» አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። እጄን ሰደድኩ፤ እጃቸውን ሰደዱ። ሳህኑ ውስጥ ጣቶቻችን ተነካኩ።

«ይኸው፣ ይደርሳል» አሉ በቀስታ።

የመጋዙን ድምፅ ሰምተው ይሁን አላውቅም፣ አሮጊቷ እናት በሴቶች ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሩቅ ሰው አይለዩም። አንድ ሳህን፣ ሁለት እጅ አዩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ኢድሪስ። ሐሚድ።»

ቀና ስል ሸሁ አንገታቸውን ነቀነቁብኝ፤ አትናገር ማለታቸው ነው። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። አጎንብሼ ሌላ ጎረስኩ፤ ሴትየዋ አይተው እስኪጠግቡ ድረስ የሐሚድን ገንፎ በላሁ።