የሀዊ ስምንት ናሙናዎች

የምነግራችሁን ነገር ሚስቴ እንኳ አታውቀውም። እናቴ ሳታውቀው ሞተች። ከአፌ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እባካችሁ እስክጨርስ ድረስ አትዘኑልኝ።

አሰላ ውስጥ በአንድ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። የዴራ ልጅ ነኝ፤ በኮንትራት ተቀጥሬ ቋሚ የምሆንበትን ደብዳቤ እጠብቅ ነበር። ሀዊ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዋ እኛ ዘንድ ጥናት የምትሠራ ተማሪ ነበረች፤ የሮቤ ገበሬ ልጅ። የደጋው በጎች እያሳሉ ያልቁ ነበርና የትኛው ባክቴሪያ እንደሚገድላቸው ለማወቅ ከስምንት የታመሙ በጎች አፍንጫ ናሙና ሰበሰበች። አንዱን ቀን አብሬያት ሄጃለሁ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። የበጉን ጭንቅላት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። የበጉ ባለቤት አሮጊት ሀዊን በኦሮምኛ፣ «ምክንያቱን ስታገኚ ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ» አሏት። እሺ ብላ ማለች።

ከናሙናው ዲኤንኤ አውጥቶ የማባዛቱ ሥራ የእኔ ነበር። ያን ዕለት ዴራ ላይ ለእህቴ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እጣደፋለሁ። ለማነጻጸሪያ የምንጠቀምበት፣ ከውጭ የመጣ፣ ማንነቱ የታወቀ የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለን። እሱን በነካሁበት ፒፔት፣ በፈሳሽ መቅጃው ማለቴ ነው፣ ጫፉን ሳልቀይር፣ ለስምንቱም የሚከፋፈለውን ፈሳሽ ቀዳሁ። ፈሳሹን እንደበከልኩት ገና ስቀዳው አውቄዋለሁ። እጄ ቆም ብሏል። ደፍቼ እንደገና ብጀምር አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አልደፋሁም። ብክለት ቢኖር የሚያጋልጠውን ባዶ ቱቦም አላዘጋጀሁም። ምንም አይሆንም ብዬ ሄድኩ።

ያባዛሁት ዲኤንኤ እንዲነበብ ውጭ አገር ተልኮ ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ በኢሜይል መጣ፤ አራት ፊደሎች ብቻ እየተመላለሱ የሚጻፉባቸው ረጃጅም መስመሮች። የዓለም ተመራማሪዎች ያገኙትን የሚያስቀምጡበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ የኢንተርኔት መዝገብ አለ። ፊደሎቹን ስታስገባ ከተቀመጠው ሁሉ ጋር አስተያይቶ የሚቀርበውን ይነግርሃል። ሀዊ የመጀመሪያውን አስገባች።

«መቶ በመቶ!» ብላ አጨበጨበች። «ጀማል፣ ና እይ!»

ሁለተኛውን አስገባች። መቶ በመቶ፣ ያው ባክቴሪያ። ሦስተኛውም ያው። አምስተኛው ላይ ማጨብጨቧን ትታ ነበር። ስምንተኛው ላይ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«እንዴት አንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም?»

ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስም አነበብኩ። የማነጻጸሪያችን ስም ነው። እኔ ያን ጊዜ ምን አልኳት? «አማካሪሽን፣ ዶክተርን ጠይቂያቸው» አልኳት። ይኸው ነው ያልኳት።

አማካሪዋ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ሁለት መምህራን ጨምረው ሰበሰቡን፤ እኔንም አስጠሩኝ።

«ከሦስት ቀበሌ የመጡ ስምንት በጎች አንድ ፊደል ሳይለያዩ? ያውም እኛ ፍሪጅ ውስጥ ካለው ጋር?» አሏት። «መስክ ሳትወጪ ከእኛው ቱቦ ቀድተሽ ነው የላክሽው።»

«ኧረ ዶክተር! እግሬ እስኪላጥ ነው የዞርኩት። ጀማል አብሮኝ ነበር፣ ይጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ቀን አብሬያት ሄጃለሁ» አልኩ። «የሌላውን ቀን አላውቅም።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ከዚያ የከፋ ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም።

አማካሪዋ ትንሽ አሰቡና «ከዋናው ናሙና የተረፈ አለ? እንደገና ይሠራና ይለይ» አሉ። ልብ በሉ፤ ማምለጫ ተከፍቶልን ነበር፣ ለእሷም ለእኔም። ቱቦዎቹ በሀዊ የእጅ ጽሑፍ ቁጥር ተጽፎባቸው ፍሪጁ ውስጥ ተደርድረዋል። እንደገና ቢሠሩ ግን የማን ስህተት እንደሆነ ይታወቃል።

«መብራት የጠፋ ጊዜ ተበላሽተዋል» አልኩ።

ሀዊ አንገቷን ደፋች። አመነችኝ። ከሰዓት በኋላ ስምንቱንም አውጥቼ ከቆሻሻ ጋር አቃጠልኳቸው። እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው። ማንም አላዘዘኝም።

ለምን? ደብዳቤዬን ፈርቼ? አዎ። ግን ሰው የሚፈራው ለስንት ቀን ነው? ደብዳቤው በወሩ መጣ፤ ቋሚ ሆንኩ፤ የሚያስፈራኝ ነገር አበቃ። ታዲያ ያን ጊዜስ ለምን አልተናገርኩም? ጥናቷ ተሰረዘ። መጻሕፍቷን በካርቶን አስራ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ካርቶኑን እንኳ ልሸከምላት አልወረድኩም። አሮጊቷም መልሳቸውን ሳያገኙ ቀሩ።

አምና ለክትባት ሥራ ሮቤ ሄድኩ። ሀዊ የእንስሳት መድኃኒት ሱቅ እንደከፈተች ሰምቼ ስለነበር ልነግራት ቆርጬ ገባሁ። ለአንድ ገበሬ የመድኃኒቱን አሰጣጥ በኦሮምኛ እያስረዳች ነበር። ስታየኝ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ምሳ ሳልጋብዝህማ አትሄድም ብላ ሱቋን ዘጋች።

«ታውቃለህ ጀማል» አለችኝ ምግቡ እንደቀረበ፣ «ያን ቀን ክፉ ያልተናገርከኝ አንተ ብቻ ነበርክ። አብሬያት ሄጃለሁ ብለህ መሰከርክልኝ። አሁንም ለባለቤቴ አነሳልሃለሁ። እነዚያ ናሙናዎች ባይበላሹ ኖሮ እኮ...»

አልጨረሰችውም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የእሷ ዓይን ግን ደስ ብሎት ያየኛል።

«አዎ» አልኳት። «ባይበላሹ ኖሮ።»

«ብላ እንጂ» እያለች ሥጋውን ወደ እኔ ገፋችው። በላሁ። እስከ መጨረሻው በላሁ።

የመጀመሪያውን በደል በችኮላ፣ ሁለተኛውን በፍርሃት ሠራሁት ልበል። ይህኛውን ግን ተቀምጬ፣ ረጋ ብዬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የሠራሁት። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የመስጠቱ ሥልጣን የእናንተ አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሀዊ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እስካሁን ታመሰግነኛለች።