ሰፊው ሲጠብቅና ሲላላ

ከኮሌጁ ጀርባ፣ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወደ ታች በምትወርድ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፋ ሰው አለ። መስኮቱ ከመንገደኛው ጉልበት በላይ ስለማያሳየው ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በፊታቸው ሳይሆን በሱሪና በቀሚሳቸው ጠርዝ ነው። አንዷ ሴትዮ ገና በሩን ሳትነካ «ያቺ እጥፋቷ የተተረተረባት መጣች» ይላል። እጁ የተመሰከረለት ነው፤ እሱ የሰፋው አይተረተርም፣ እሱ የጠቀመው ቀዳዳ በፀሐይም አይታይም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ቀጠሮ አያከብርም። ልብሱ መቼ እንደሚደርስ የጠየቀውን ሁሉ «ነገ» ስለሚለው የሰፈሩ ሰው ትክክለኛ ስሙን ረስቶ «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ሲወቅሱት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ይተርታል። አንዷ ደንበኛ በዚህ ተረት ተማርራ «የቸኮለችውስ አፍሳም ቢሆን ለቀመች፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ» ብላዋለች።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን መዘግየቱ በቂ ምክንያት አግኝቷል። ኮሌጁ የተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ፤ ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው አንድ ልጁ «ወንፊት» የሚባል የሙዚቃ ሂስ ዝግጅት ታቀርባለች። የስፌት መኪናው ሞተር ሲነሳ ሬዲዮው ስለሚንጫጫ አባት ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናውን ያጠፋል፣ ከአፉ ስፒሎቹን አውጥቶ ደረቱ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ንግግር ሊያደርግ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። በመሀል ደንበኛ ከገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያስቆመዋል።

ወንፊት የሚሠራው በአድማጭ ነው። ተማሪዎቹ በሳምንቱ ስለወጡ ዘፈኖች የተሰማቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ጣቢያው በር ላይ በተሰቀለች ሣጥን ይከታሉ፤ የጻፉት ሳይታረም ይነበባል። አንዱ የምህንድስና ተማሪ «ዘፈኑ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ የኔ ፍቅር ከዚያ በፊት ነው ያለቀው፤ ስለዚህ ተጋኗል» ብሎ ጻፈ። አንዷ «ቤዝ ጊታሩ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ጥልቀት ማለት ይኼ ነው» አለች። ሌላው ደግሞ «ዘፈኑን አልሰማሁትም፤ ድሮ ግን ይሻል ነበር» ሲል ደመደመ፤ ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አባት ይህን ሁሉ እየሰማ ራሱን በአክብሮት ይነቀንቃል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለሆነ ያልገባው ነገር ሁሉ ትምህርት ይመስለዋል።

ከሁሉም አብልጦ የማይገባው፣ ስለዚህም ከሁሉም አብልጦ የሚያከብረው፣ ከልጁ ጋር የሚያቀርበውን አንድ ጢማም ተማሪ ነው። ጓደኞቹ «ንድፈ ሐሳብ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ይህ ልጅ «ትናንት አየሁሽ» የሚል ግጥም ከሰጡት ትናንት ምን እንደሆነ፣ ማየት ምን እንደሆነ ሲያብራራ ቆይቶ «ሽ» ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ነገሩ የተጀመረው በዘፈን ነው። ከሱቁ ሁለት በር አልፎ ያደገች ድምፃዊት አዲስ ዘፈን አወጣች። ሳምንት ሳይሞላው ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የኮሌጁ ካፌ፣ ሁሉም ያንኑ ያንጎራጉር ጀመር፦

«ሰፊው ልኬን ወስዶ፣ ነገ ነይ ይለኛል፤
ነገ የሚሉት ቀን መች ይደርስልኛል?»

ለሰፈሩ ሰው ትርጓሜ አላስፈለገውም። ድምፃዊቷ ከስድስት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ልትወጣ ስትል ሰማያዊ ቀሚስ አዝዛ አምስት ጊዜ ተመላልሳለች። በመጨረሻ የእህቷን ጉርድ ቀሚስ በሁለት መርፌ ቁልፍ አጥብባ ነው ቆማ የዘፈነችው። እንግዲህ አሁን ደንበኛ ሁሉ ደረጃው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንጎራጉራል። አባት «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እያለ ያጉረመርማል፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን በልቡ ትንሽ ኮርቷል። ስንት ባለሥልጣን ያልተዘፈነለት እሱ ተዘፍኖለታል። ጸጸቱም የዚያኑ ያህል ነው። ለአምስተኛ ጊዜ መጥታ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው ለቅሶ ከጆሮው አልወጣም። ያን ቀን ሜትር ይዛ አጠገቡ ቆማ የነበረችው ደግሞ የገዛ ልጁ ናት።

ማክሰኞ ዘፈኑ ወንፊት ውስጥ ገባ። አባት መኪናውን አጥፍቶ ተቀመጠ።

መቼም «ሰፊ» በፊደል አንድ፣ በአፍ ሁለት ነው። «ፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ወርዱ የተንጣለለው ነው። ድምፃዊቷ ቃሉን ስትጎትተው፣ ከበሮውም ልክ «ፊ» ላይ ሲወድቅበት የላላው የጠበቀ ይመስላል። ንድፈ ሐሳብ ይህቺን አንዲት የከበሮ ምት ይዞ ገሰገሰ።

«ሰፊው ማለት ሰፊው ሕዝብ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሕዝቡ የጥበብን ሰው ይለካል። ልኳን ከወሰደ በኋላ ግን አይቀበላትም፤ ነገ ነይ ይላታል። ነገ እዚህ ላይ ቀን አይደለም፤ ጊዜን መካድ ነው።»

«በትክክል» አለች ልጁ። «መለካት ራሱ ጭቆና ነው ማለት ይቻላል።»

አባት አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ዳሰሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ሲጨቁን መኖሩን ያወቀው ገና አሁን ነው። ንድፈ ሐሳብስ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ልጁ ግን ታውቃለች። ፊደል የቆጠረችው እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ በሳሙና ስባሪ እየጻፈላት ነው። «ጠባብ ልብስ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ላላ ያለው ይወልቃል፤ ቃልም እንደዚያው ነው» እያለ ያስቃት ነበር።

እራት ላይ ሳያስበው አመለጠው። «ሰፊው እኮ እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ ዘፈን አንዴ ከዘፋኙ አፍ ከወጣ የአድማጩ ነው» አለችው ሳህኗን እያየች።

«ይሁን። ልብስም ከሰፊው እጅ ከወጣ የለባሹ ነው። ቁልፉ ሲበጠስ ግን ማን ጋ ነው የሚመጡት?»

እናቷ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። «ጓደኞቼ አያውቁም» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ሥራህን። ዲዛይነር ነው ብያቸዋለሁ።»

እናት ቀድማ ገባች። «አንተ ቀሚሱን በጊዜው ብትሰፋ ኖሮ ዘፈኑም አይወጣ፣ ልጄም አትዋሽ» አለችው።

«ዲዛይነርም ክፉ አይደለም» አለ አባት፤ ውሃ አንስቶ ጠጣ። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ፊት የሚያልፉትን ጫማዎች አስታወሰ። የልጁን ጫማ ከሺህ ጫማ መሀል ይለየዋል። ብቻዋን ስትሆን ቆም ትላለች፣ በጫማዋ ጫፍ መስኮቱን ነካ አድርጋ ትስቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ግን ያ ጫማ ይፈጥናል። እስከዛሬ ትምህርት የሚረፍድባት ይመስለው ነበር። አልተቆጣም፤ አመመው።

በማግስቱ አንድም ቀጠሮ ተከብሮበት ከማያውቀው የቀጠሮ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ቀደደ። ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልጻፈም፤ ሊያሳጣት አልፈለገም። ሐሳቡ ድምፃዊቷን ይቅርታ መጠየቅና የተጣመመውን ማቅናት ብቻ ነበር። እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሰፊው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው። ይቅርታ።» ሄዶ ጣቢያው በር ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ዓርብ ደብዳቤው ንድፈ ሐሳብ እጅ ገባ። አየር ላይ አነበበው፤ ሲያነበውም አጠበቀው።

«ሰፊው እኔ ነኝ!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «አድማጮች፣ ሰፊው ሕዝብ ራሱ ጻፈልን! ጥፋቱም የኔ ነው ብሎ ተናዘዘ! ስም የለውም፤ ሕዝብ ምን ስም አለው!»

ልጅቷ የእጅ ጽሑፉን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ወረቀቱን ስታጥፈው በሬዲዮ ተሰማ። ከዚያ «ጥልቅ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ «ሰፊው እኔ ነኝ» የኮሌጁ መፈክር ሆነ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ የካፌ ጠረጴዛ ላይ ተፋቀ፣ የመጸዳጃ ቤት በር ላይም አልቀረ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የነተበ ጂንስ ደረጃውን ወርዶ ገባ፤ አባት ቀና ሲል ከጂንሱ በላይ ጢም አየ። ድምፁን ሲሰማ ማን እንደሆነ አወቀ፤ ልጁ ግን የማን ሱቅ እንደገባ አላወቀም።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ቲሸርት አለን» አለ ንድፈ ሐሳብ። «ደረታቸው ላይ "ሰፊው እኔ ነኝ" ተብሎ በክር ይጠለፍልን። ህትመት የፋብሪካ ነው፤ ክር የሕዝብ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፃዊቷ አዳራሻችን ትመጣለች፤ ዝግጅቱ በቀጥታ ይተላለፋል።»

«ሰፊው ማለት እንኳ...» ሊል ጀመረ አባት።

«እሱን ለእርስዎ ማስረዳቱ ጊዜ ይወስዳል» አለው ልጁ በትሕትና። «ብቻ አጥብቀው ይስፉልን።»

«አጥብቄ?»

«እንዳይተረተር ማለቴ ነው።»

አባት ሳምንቱን ሙሉ የሌላውን ሰው ሥራ ወዲያ ብሎ ሠላሳ ጊዜ «ሰፊው እኔ ነኝ» ሲጠልፍ ሰነበተ። የልጁ ዝግጅት ነውና እንዲያምር ፈለገ። ያንን ልብስ በእውነት ሊለብሰው የሚገባ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የእሱን ልክ ግን የወሰደ የለም።

ዓርብ ጥቅሉን ተሸክሞ አዳራሹ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ማርፈድ ለሱ ቀድሞ መድረስ ነው። ጣጣው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ መምጣቱ ነው። ጥቅሉን በር ላይ አስቀምጦ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። መድረኩ ላይ ድምፃዊቷ መሀል ተቀምጣለች፤ በአንድ ወገን ልጁ፣ በሌላው ንድፈ ሐሳብ።

«ሰፊው ሲሉን» ይላል ንድፈ ሐሳብ፣ «የሕዝቡን የትኛውን ክፍል ለማለት ነው?»

«የምን ሕዝብ?» አለች ድምፃዊቷ። «ልብስ ሰፊው ነዋ!»

ንድፈ ሐሳብ አልተበገረም። «እንግዳችን የገዛ ሥራቸው ጥልቀት ገና የገባቸው አይመስልም» ብሎ ለታዳሚው አዘነላት።

ድምፃዊቷ ልትመልስ ቀና ስትል በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየች። ብድግ አለች። «ይኸውላችሁ! እሱ ነው! ጋሽ ነገ!» ቂም የላትም፤ ትስቃለች። ሁለት መቶ ራስ ወደ በሩ ዞረ። ንድፈ ሐሳብ ማይክራፎኑን ይዞ ሮጦ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው? ለአድማጮቻችን ይንገሩልን።»

አባት መድረኩን አየ። የልጁ ፊት አመድ መስሏል፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። በዓለም ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር የሷ እንዲህ መሆን ነው። ሠላሳ ቲሸርት ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ሜትሩ ሆዱ ላይ እየተወዛወዘ፣ ማይክራፎኑን ጠጋ ብሎ «ዲዛይነር ነኝ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንበር የሚደበድብ፣ እንባውን የሚጠርግ ነበር። ንድፈ ሐሳብም «ግሩም ምፀት!» እያለ ሳቀ። አባት አብሯቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጥቅሉን መሬት ላይ አውርዶ ሊወጣ ዞረ።

«አይደለም» አለ ከድምፅ ማጉያው የመጣ ድምፅ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሰማው የሬዲዮ ድምፅዋ አልነበረም፤ የቤት ድምፅዋ ነበር። «ዲዛይነር አይደለም» አለች። «ዲዛይነር ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነው። ዘፈኑም ላልቶ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። ደብዳቤውንም የጻፈው እሱ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «አባቴ ነው።»

ሳቁ በአንዴ ተቆረጠ። ንድፈ ሐሳብ አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። ልጅቷም መቀጠል አቃታት፤ እጇ ማይክራፎኑን እንደያዘ ቀረ። ዝግጅቱ በቀጥታ ይተላለፋልና ዝምታውም አብሮ ተላለፈ፤ በየካፌውና በየመኝታ ክፍሉ ያለው ተማሪ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ቁልፉን ያዞር ጀመር። አባት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ልጁን እንኳ አጥርቶ አያያትም። ሆኖም ሁለት ዓመት ያዳመጠ ሰው ነው፤ አየር ላይ ዝም ማለት ነውር እንደሆነ ያውቃል።

«ቀጥይ እንጂ የኔ እናት» አላት ከበሩ ላይ። «ሰው እየሰማሽ ነው።»