የወሰን ድንጋዩ ላይ ያለችው ጣሳ

ይህ የሆነው ኮሮና አገራችን በገባበት ዓመት፣ በግንቦት ወር ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ገበያ ላይ የድንች ክምር ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

አዲስ አበባ በግንበኝነት እሠራ ነበር። ሥራው ሲቆም ከእንጅባራ ወጣ ብላ ወደምትኖረው እናቴ ተመለስኩ። የታዘዝኩትን ያህል ጊዜ ጓዳ ውስጥ ለብቻዬ ቆየሁ። አላሳለኝም፣ አላተኮሰኝም። የሰፈሩ ሰው ግን በበራችን ማለፉን ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞር ጀመር።

ድንቹ ደርሶ ነበር። ዝናቡም ጀምሯል፤ ክረምቱ መሬት ውስጥ ካገኘው ይበሰብሳል። ድንቹን የሚገዛን የዳንግላ ነጋዴ ደግሞ መኪና የሚልከው ለዚያች ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ ነግሮናል። እናቴ እንደ ወትሮው ወንፈል ጠራች። በወንፈል ዛሬ ማሳህ ላይ የዋለልህ ሰው ማሳ ላይ ነገ አንተ ትውልለታለህ። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ጋገረች። ዐርብ ጠዋት ማንም አልመጣም።

ሁለታችን ዶማ ይዘን ወረድን። በቤታችን በኩል ጀምረን ጥቂት እንደሄድን እናቴ ቀና ብላ «ማነው እዚያ?» አለች። በማሳው ሌላ ጫፍ የሚቆፍር ሰው ነበር። አያ ፈንቴ ናቸው። ማሳቸው ከእኛ ጋር ይዋሰናል፤ ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

«አያ ፈንቴ፣ አይፈሩም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«እፈራለሁ እንጅ! ለዚህ አይደል በዚህ በኩል የጀመርኩ!»

ለምሳ እናቴ ዳቦና አንድ ጣሳ ጠላ ወስዳ የወሰን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችላቸውና ተመለሰች። ሳቁ።

«አንች ጥሩዬ፣ ለቆሌ ነው እንዴ የምታስቀምጭልኝ?»

«ዝም ብለው ይጠጡ!» አለች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእኛና በእሳቸው መሐል ሁለት ትልም ብቻ ቀረ። አያ ፈንቴ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ይችን እናንተ ጨርሷት። የእኔ ዘግይቶ ነው የተተከለ፤ ሰኔ ሲጋመስ ታወጡልኛላችሁ።»

«እግዜር ያድርሰን» አለች እናቴ።

ቅዳሜ ድንቻችን ተጫነ።

ሰኔ ሳይጋመስ አያ ፈንቴ ታመሙና ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ምን እንደገደላቸው የመረመረ የለም፤ ሰው ግን ከእኛ ነው የተጋባባቸው አለ። ቀብራቸው ላይ ርቀን ቆምን።

ሠልስታቸው ሲያልፍ ዶማችንን ይዘን ወደ ማሳቸው ሄድን። ግምጃ ቤት ከተማ ያገባችው ልጃቸው ወሰኑ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ወንፈላቸውን ልንመልስ ነው፣ ልጄ» አለቻት እናቴ።

«እናንተ ጋ ባይውል አባቴ አይሞትም ነበር። ድንቹን እንዳትነኩብኝ!»

ሁለቱን ትልም አልፈን እንዳልተጠጋናቸው፣ እኛ ቤት የታመመ ሰው እንዳልነበረ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዋት። አባቷን ነው የቀበረች።»

ተመለስን። ድንቹን ሌላም ሰው ደፍሮ አላወጣውም። ሐምሌ ላይ የብስባሹ ሽታ ቤታችን ድረስ መጣ። በዚያው ሰሞን እንጅባራ ገበያ ላይ ሰው ድንች አጥቶ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ይመለስ ነበር።

ልጅቷን አልተቀየምኳትም። ምናልባትም እውነቷን ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ አለማወቄ ነው የሚከብደኝ።

አሁን እዚያው ከእናቴ ጋር አርሳለሁ። በየዓመቱ ድንች ስናወጣ እናቴ ጣሳዋን ጠላ ሞልታ የወሰን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጣለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ጣሳዋን የማነሳት እኔ ነኝ። እንደ ሞላች ናት።