በጋዝ መብራት ሥር የሞተችው ወፍ

ልጅ ሳለሁ በስደት አገር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከሱቃችን ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ተረት የምትነግረን የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ታደለች ነበረች፤ ተረቶቿ ግን እንደ ሌላው ሰው ስለ ጅብና ጦጣ አልነበሩም። ያኔ አክስቴ ከተማው ውስጥ ለጎብኚ ክፍት በሆነ አንድ አሮጌ ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር። ቤቱ የተሠራው በእንግሊዞቹ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ የከሰል ምድጃው፣ ከባዱ የሳሎን መጋረጃ፣ የቤቱ ወይዛዝርት መጽሐፍ ውስጥ ተጭነው ያደረቋቸው ቅጠሎች ሁሉ እንደነበሩ ተቀምጠዋል። አስጎብኚው ሲያስረዳ እሷ ወለሉን እየወለወለች ጆሮዋን ጣል ታደርግና፣ ማምሻውን ከራሷ ጨማምራ ለእኔና ለአራት ዓመቱ ወንድሜ ለቢንያም ታመጣልናለች። «ሥራ የፈታ ሰው ቅጠል ይሰበስባል» እያለች በእነዚያ ወይዛዝርት ትቀልድ ነበር።

አንድ ክረምት፣ እናቴ አገር ቤት በሄደችበት ሰሞን፣ እንደ እኛ ያሉ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ሊዘረፍ ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። መብራት ጠፍቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ ሱቁን በጊዜ ዘጋና፣ ከተበሳሳ ጣሳ በሚሠራው ኢምባውላ በሚባለው የዚህ አገር ምድጃ ከሰል ደጅ አቀጣጠለ፤ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቆ ፍሙን ወደ ክፍላችን አስገባ። ከዚያ በሩን ቆለፈ፤ ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ መስኮቱን በካርቶን፣ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ደፈነ። አባቴና አክስቴ ሆሳዕና አጠገብ በሣር ክዳን ቤት ያደጉ ናቸው። እዚያ እሳት ቤቱ መሀል ይነዳል፣ ሰውም ከብትም ዙሪያውን ያድራል፣ ሣሩም ይተነፍሳል። ጭስ የሌለው ፍም ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከውጭ ፉጨትና የሩጫ ኮቴ ይሰማል። አባቴ ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩ ሥር ተቀምጧል። እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ አክስቴ ጉያ ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ እሷም ዝም እንድንል በሹክሹክታ ተረት ጀመረች። የዚያ የምትሠራበት አሮጌ ቤት የጥንት እመቤት ሳሎኗ ጣሪያ ላይ በሽቦ ጎጆ የተሰቀለች ቢጫ ወፍ ነበረቻት። አንድ ክረምት አዲስ የጋዝ መብራት አስገብታ፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ መጋረጃውን አውርዳ እንግዶቿን ስታጫውት አመሸች። ጠዋት ወፏ ሞታ ተገኘች። እመቤቲቱም በረሃብ ገድለሻታል ብላ ሠራተኛዋን አባረረቻት። እዚህ ላይ አክስቴ የተባረረችው እሷ ራሷ የሆነች ያህል ተቆጣች። ሌላ ጊዜ «ለምን?» እያለ ተረት የሚያቋርጠው ቢንያም ያን ምሽት አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። እኔንም ራሴን ይወቅረኝ ነበር፤ ፍርሃት መስሎኛል።

«ታዲያ ወፏን ምን ገደላት?» አልኳት።

«የመብራቱ ትንፋሽ ነዋ። ክፍሉ ሲዘጋ እሳቱ አየሩን...» አለችና ቆመች። ፍሙን አየች፣ ከዚያ ቢንያምን። ጠራችው፣ ነቀነቀችው፤ አንገቱ ክንዷ ላይ ዘመመ።

«በሩን ክፈት» አለችው አባቴን።

«እትዬ፣ ሰዎቹ ውጭ ናቸው። ከከፈትኩ አለቀልን።»

«ካልከፈትክማ ልጅህ አለቀ።»

አባቴ ተነሳ፤ ቁልፉ ግን ቀዳዳውን ሳተበት። አክስቴ ነጠቀችውና ከፈተች። ከመንገዱ ማዶ አምስት ስድስት ወጣቶች ቆመው ያዩናል። ወንድሜን ታቅፋ እየጮኸች በቀጥታ ወደ እነሱ ሮጠች። ጩኸቷን የሰማችው አሮጊቷ አከራያችን ደርሳ፣ ፍሙን ስታይ አባቴን በዙሉ ቋንቋ እየሰደበች ከወጣቶቹ አንዱን መኪና አምጣ ብላ ላከችው፤ ልጁም አመጣ። ሊዘርፉን መጥተው ይሁን ወሬ ሊያዩ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ቢንያም ክሊኒክ ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎለት ዐይኑን ገለጠ። በማግሥቱ ስንመለስ የሱቁ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር፤ አባቴ እንዳላየ ሆኖ አለፈው።

ቢንያም ዛሬ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ያን ምሽትም አያስታውሰውም። በበዓል ስንሰባሰብ አክስቴ የፈረንጅ ወፍ ናት ያተረፈችን እያለች ታሥቀናለች፤ እኔም አብሬ እሥቃለሁ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን አለ። ተረቱ እንደተጀመረ ቢንያም እጅጌዬን ጎተት አድርጎ ራሴን አመመኝ ብሎኝ ነበር። እኔ የወፏን መጨረሻ ለመስማት ቸኩዬ፣ «ዝም በል፣ ልስማበት» አልኩት። እሱም ዝም አለልኝ።