ለአየለ የተቆረጠው አቡጀዲ

ትእዛዙ በማለዳ መጣ። «አየለን ሞተ ብላችሁ ኬላውን አሳልፉት» አለን አለቃችን።

አየለ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታ ከጣሊያን ጋር ስንዋጋ ትከሻውን ተመቶ ነበር። ጥይቱ አልወጣም፤ ቁስሉ አመርቅዞ መሽተት ጀምሯል። ጥይት የሚያወጣልን ሐኪም ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተደብቆ ይኖራል። ወደዚያ ለመድረስ ዛሬ ካዛንችስ በምትሉት ሰፈር ማለፍ ግድ ነው። ጣሊያን ያኔ ለሹማምንቱ ቤት ይሠራበት ስለነበር መንገዱ በወታደር ተይዟል። መንገደኛው ሁሉ ይፈተሻል፤ ሬሳ ገልጦ የሚያይ ግን የለም።

አየለን በአዲስ አቡጀዲ ገንዘን ለአራት በቃሬዛ ተሸከምነው። ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው እያለቀሱ ከኋላችን መጡ። ከፊት የተሸከመው አብሮ አደጌ ታደሰ በዚያ ጭንቅ እንኳ ቀልዱን አልተወም።

«ሽታህ ለሬሳ አያንስም፤ ሳልህን ብቻ ዋጥ አድርጋት» አለው።

«ቀስ ብለህ ተሸከም፤ ገና አልሞትኩም» አለ አየለ ከአቡጀዲው ሥር።

የኬላው ወታደሮች አፍንጫቸውን ይዘው «እለፉ» አሉን። ረፋድ ላይ ከቂርቆስ በላይ ካለው ሜዳ ደረስን። ያኔ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። ኮረብታው ላይ ዘወትር የምትሰልለን ትንሿ አውሮፕላን ነበረች።

በድንገት ድምፁ ጠፋ።

ይህን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ኮረብታው ላይ ስትመጣብን ሞተሯን አጥፍታ በዝምታ ዝቅ ትልና ቦምብ ትጥል ነበር። ጸጥ ካለች ተደፍተህ አትነቃነቅም፤ እንዲህ እያደረግን ስንት ጊዜ ተርፈናል። ቃሬዛውን ቦይ ውስጥ አስገብተን ሣሩ ላይ ተደፋን። ሴቶቹ ግን ጦር ሜዳ አያውቁም፤ እየጮኹ ሮጡ።

«ኧረ ተኙ!» አላቸው ታደሰ። የሰማው የለም።

ቀና ስል ጎማዋ ሣሩን እየነካ ወደ እኛ መጣች። ታደሰን በተኛበት ረግጣው አለፈች። ከአፈር ቁልል ጋር ተላትማ ቆመች።

እሳት ጠበቅን። አልነደደችም። ከመካከላችን አንዱ ከወረራው በፊት ሾፌር ነበር፤ የነዳጅ ጋኗን ከፍቶ አየ።

«ጠብታ ቤንዚን የላትም» አለ።

አብራሪው ወንበሩ ላይ ሞቷል። ለካ ቤንዚን አልቆበት የሚያርፍበት ሜዳ ሲፈልግ ነበር። ከሚሮጡት ሴቶች ሸሽቶ ባዶ ወደመሰለው ዞረ። ባዶ የመሰለው እኛ ስለተኛን ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አየለ ከቦይው ወጣ። ታደሰን አየው። ባንድ እጁ አቡጀዲውን ከላዩ ገፈፈ።

«አልብሱት» አለ።

ሴቶቹ ተመልሰው አየለን በነጠላ ሸፍነው መሀላቸው አስገቡት። እኛ ታደሰን ቃሬዛው ላይ አስተኛን። ከኬላው እየሮጡ የመጡት ወታደሮች ያገኙት ያንኑ ለቀስተኛ ነው፤ አልነኩንም። ወይዘሮ በላይነሽ አሁን የምራቸውን ያለቅሱ ነበር።

ምስጢሩን የሚያውቁት ቄስ ደጀ ሰላሙ ላይ ይጠብቁን ነበር። ወደ ቃሬዛው ጎንበስ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አሉት በሹክሹክታ።

«አባ፣ የእውነት ነው» አልኳቸው። «ታደሰ ነው።»

የዚያን ቀን ሙታን ሁለት ናቸው፤ ከእኛ ታደሰ፣ ከእነሱ አብራሪው። አየለ ድኖ፣ ወልዶ፣ ሸምግሏል። ታደሰ በውጊያ ሞተ የሚሉ አሉ፤ እኔ ያየሁትን ነገርኳችሁ። ጓዱን ሞተ ብሎ ሊያድን ወጥቶ በጓዱ አቡጀዲ ተቀበረ።